የእህትህን ላብ ለቦዲ ብቻ አትስጥ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ካሜራ የመግዛት ሐሳብ የሌላችሁም ብትሆኑ ቤታችሁ ውስጥ "ፎቶ አንሺ ልሆን ነው" የሚል ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አይጠፋምና ለእሱ አድርሱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኞ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ደብተር ታቅፌ ስወጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ የማለፊያ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ነው። ሰነፍ አልነበረም። ፈተናው የስንቱን ጎበዝ ልጅ ቅስም እንደሰበረ እኛ መምህራን እናውቀዋለን።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለኝና ስልኩን አወጣ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ የላከለት ፎቶ ነው። ካነን 5ዲ ማርክ 2፣ አንድ ረጅም 75-300 ሚሜ ሌንስ፣ ቦርሳ፣ ትራይፖድ። ከሥሩ "ሙሉ ፕሮፌሽናል ሴት፣ ፉል ፍሬም፣ ለሰርግ የሚሆን" ተብሎ ተጽፏል። ዋጋውን ሳየው ደነገጥኩ። "ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?" አልኩት። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት አለችው። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን "ወንድሜ ሥራ ይጀምርበት" ብላ ለእናታቸው ልካለች። ሻጩ ደግሞ "እስከ ዓርብ ቀብድ ካላስያዝክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" ብሎታል።

እዚያው በር ላይ ቆመን የነገርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተም የምጽፈው። እኔ ትልቅ ፎቶግራፈር አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜና እሁድ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት እያነሳሁ ደመወዜን እደጉማለሁ። ግን የመጀመሪያ ካሜራ አገዛዝ ላይ አንድ ጠንካራ አቋም አለኝ። ለጀማሪ ዋናው ዕቃ ሌንሱ ነው፣ ቦዲው ሁለተኛ ነው። ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ቦዲ ላይ የምትጨርሱ ከሆነ ባትገዙ ይሻላል።

ይሄን አቋም ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ እቁብ ወጣልኝና ብሩን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። በወቅቱ አዲስ የተባለ ቦዲ፣ አብሮት የሚመጣውን 18-55 ኪት ሌንስና አንድ ረጅም ዙም ገዛሁ። ረጅሙን ሌንስ አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ጋዜጠኛ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ቀን ቀን ያነሳሁት ሁሉ ያምር ነበር። ፀሐይ ካለ ምን ያላምራል! ከዚያ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እህት ስታገባ "አንተው አንሳልን" ተባልኩ። ቀኑ በሰላም አለፈ። ማታ ድንኳን ውስጥ የሙሽሪት አያት ተነስተው ሙሽሮቹን መረቁ። ሰዉ ሁሉ "አሜን" እያለ ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ እቀጨው ጀመር። 40 ያህል ፎቶ ነው ያነሳሁት። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አንዱም ጥርት ያለ የለም። የእማማ እጅ ጥላ ነው የሚመስለው፣ ፊታቸው ታጥቧል።

ለሙሽሮቹ "ይቅርታ" ብዬ ገንዘቡን ቀነስኩላቸው። በዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ እማማ አረፉ። ቤተሰቡ ለሙት ዓመት አስፍተው የሚሰቅሉት ፎቶ ሲፈልግ "ያኔ ሲመርቁ ያነሳኸውን ስጠን" አሉኝ። የሰጠሁት ያንን የደበዘዘውን ነው። ዛሬም ያ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ላለማየት አጎነብሳለሁ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር? ቦዲው ደህና ነበር። ሌንሱም ለተሠራበት ነገር ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የገዛሁት በቂ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ አልነበረም። በጣም የሚያሳፍረው ደግሞ በዚያው ዓመት 10ኛ ክፍል ላይ ስለ ሌንስ እያስተማርኩ ነበር!

እስቲ ሒሳቡን እንየው፤ አትፍሩ ቀላል ነው። ሌንስ ማለት መስኮት ያለው ቤት ነው በሉት። የመስኮቱ ስፋት አፐርቸር ይባላል። ሌንሱ ላይ በኤፍ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ መስኮቱ ይሰፋል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ሰፊው መስኮቱ ኤፍ 5.6 ነው። 75-300ው ረጅም ዙምም ጫፉ ላይ ያው 5.6 ነው። ትንሿና ቀላሏ 50 ሚሜ ሌንስ ግን ኤፍ 1.8 ትከፈታለች። 5.6ን ለ1.8 አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት። 10 ገደማ ይመጣል። ማለትም 50 ሚሜዋ በዚያው ድንኳን ውስጥ፣ በዚያው አምፖል፣ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች።

10 እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ያን ማታ ያነሳሁት በ1/15 ሰከንድ ነበር። በ1/15 ሰከንድ ውስጥ የሚመርቅ ሰው እጁን ያነሳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ፎቶው ላይ ሁሉም ይደበዝዛል። በ1.8 ሌንስ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሁሉ ሳይቀየር ወደ 1/150 ሰከንድ አደርሰው ነበር። በ1/150 የሚናገር ሰው ፊት ጥርት ብሎ ይያዛል። "የእኔ ሌንስ ስታቢላይዘር አለው" የምትሉ ካላችሁ፣ እሱ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው። የእማማን እጅ አያቆምም።

አሁን ወደ ልጁ ምርጫ እንመለስ። 5ዲ ማርክ 2 በጊዜው ንጉሥ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የወጣ፣ 21 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ነው። እስካሁንም የሚያምር ፎቶ ያወጣል። "ፉል ፍሬም" የሚባለው ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሜ ስለሆነ ነው። የጀማሪዎቹ የካነን ካሜራዎች ሴንሰር 22 በ15 ሚሜ ገደማ ነው። ስፋታቸውን ስታሰሉት ፉል ፍሬሙ 2 ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። ጥቅም አለው፣ አልዋሽም።

ግን እዩልኝ እስቲ። ትልቁ ሴንሰር 2 ተኩል እጥፍ ሰጠህ፤ ሻጩ አብሮ ያቀበለህ ረጅም ሌንስ ደግሞ ከ50 ሚሜዋ ጋር ሲተያይ 10 እጥፍ ወሰደብህ። ሁለት ሰጥቶ 10 የሚወስድ ምን ዓይነት ንግድ ነው? በዚያ ላይ የሌንሱ መነሻ 75 ሚሜ ነው። በ75 ሚሜ እናቱ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው አሰልፎ ላንሳ ቢል ግድግዳውን አፍርሶ ውጭ መቆም ሊኖርበት ነው። ስለዚህ የግድ ሌላ ሌንስ መግዛት አለበት። ገንዘቡ ግን አልቋል። የ5ዲው ፕሮፌሽናልነት እዚህ ላይ ያበቃል።

"ታዲያ ምን ልግዛ?" አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይቀየራል። አከፋፈሉን ልንገራችሁ። ያላችሁን ገንዘብ 10 ቦታ ክፈሉት። አራቱን ለቦዲ፣ ሦስቱን ለሌንስ፣ ሁለቱን ለትርፍ ባትሪ፣ ለሁለት ሚሞሪ ካርድና ለፍላሽ። አንዷ ኪሳችሁ ውስጥ ትቅር። የመጀመሪያውን ወር ታክሲ የምትከፍለው፣ ፎቶ የምታሳጥበው እሷ ናት።

ቦዲውን ያገለገለ ግዙ። እነ ካነን 600ዲ፣ 700ዲ፣ እነ ኒከን ዲ3300፣ ዲ5300 ለመማሪያም ለመጀመሪያ ሥራም ይበቃሉ። "አሮጌ ነው፣ 18 ሜጋፒክስል ብቻ ነው" የሚላችሁ ይመጣል። 18 ሜጋፒክስል ማለት ኤ3 ወረቀት በሚያህል መጠን በጥራት የሚታተም ፎቶ ነው። ደንበኛችሁ ሳሎን የሚሰቅለው ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረውን ቴሌግራም ላይ ነው የሚያየው፣ እዚያ ደግሞ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ዓመተ ምሕረት ብቻ አይታችሁም አትግዙ። በ2018 የወጣው ካነን 4000ዲ ልክ እንደ 2011ዱ 600ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ እንዲያውም የአዲሱ የሌንስ ማሰሪያ ፕላስቲክ ነው፣ የአሮጌው ብረት። አዲስ ካርቶን ስለሚሸት ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

ሌንስ ላይ እንምጣ። ብዙ ጊዜ ከቦዲው ጋር 18-55 አብሮ ይመጣል። አትናቁት፣ አትሽጡት። ውጭ በፀሐይ፣ ቤተሰብ በሙሉ ሲሰለፍ፣ ክፍሉ ጠባብ ሲሆን እሱ ነው የሚያወጣችሁ። ከእሱ ጎን አንዲት 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ጨምሩ። ካነን የሆናችሁ በ2015 የወጣችውን ኤስቲኤም የሚል የተጻፈባትን ፈልጉ፤ ከቀድሞዋ ይልቅ ፎከሷ ፀጥ ያለና አሠራሯም ጠንካራ ነው። ኒከን የሆናችሁ 35 ሚሜ ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ብትይዙም ጥሩ ነው፤ ለጠባብ ቤት እንዲያውም ትሻላለች። በእነዚህ ትንሽ ሴንሰር ባላቸው ካሜራዎች ላይ 50 ሚሜ እንደ 75 ወይም 80 ሚሜ ሆኖ ያሳያልና ለፊት እንጂ ለሳሎን አይሆንም። ሁለቱ ሌንሶች ተጋግዘው ክርስትናውንም፣ ልደቱንም፣ ምርቃቱንም ይሸፍኑላችኋል። ረጅሙ ዙም ለኳስ ሜዳና ለወፍ ነው። ወፍ ከፍሎህ አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ 50 ሚሜዋን የሚገዛ ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት። "1.8 አለኝ" ብላችሁ ሁልጊዜ በ1.8 አታንሱ። በ1.8 ቅርብ ስታነሱ የሙሽራው ዓይን ጥርት ብሎ የሙሽሪት ዓይን ሊደበዝዝ ይችላል፤ አንዷ አንድ ስንዝር ወደኋላ ስለቆመች ብቻ። ለሁለት ሰው 2.8 ወይም 4 አድርጉት። 1.8 የክፉ ቀን ናት፤ ጨለማ ሲመጣ እንድትደርስላችሁ አስቀምጧት።

አሁን ደግሞ ገበያ ላይ የሚቆፈሩ ጉድጓዶች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

1ኛ፦ ካነን ላይ ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉ ሌንሶች ፉል ፍሬም ላይ አይገቡም። ለመለየት ቀላል ነው። ማሰሪያቸው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አላቸው። ቀይ ነጥብ ያላቸው ኢኤፍ ሌንሶች ግን ሁለቱም ላይ ይገባሉ። 18-55 ኪት ሌንስ ያለው ሰው 5ዲ ቦዲ ቢገዛ ኪቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።

2ኛ፦ ኒከን ላይ እነ ዲ3200፣ ዲ3300፣ ዲ5300 የፎከስ ሞተር ውስጣቸው የላቸውም። ኤኤፍ ብቻ ወይም ኤኤፍ-ዲ የሚባሉትን አሮጌ ሌንሶች ብታስሩባቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ ፎከሱን ግን በእጅ ነው የምታዞሩት። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ካለበት ይሠራል። "በርካሽ አገኘሁ" ብሎ አሮጌውን 50 ገዝቶ "ሌንሱ ተበላሽቷል" ብሎ ያመጣልኝ ልጅ ነበር። ሌንሱ ምንም አልሆነም ነበር።

3ኛ፦ ሌንሱን ከካሜራው ፈታችሁ የስልካችሁን መብራት በአንድ በኩል አብሩበትና በሌላው በኩል ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ሥር የሚመስል ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ሻጩ "ይጠረጋል" ይላችኋል። አመስግናችሁ ውጡ።

4ኛ፦ ካሜራውን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። አቧራ ከሆነ ይጸዳል፣ ጭረት ከሆነ አይጸዳም።

5ኛ፦ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ። መኪና ስትገዙ ኪሎ ሜትር እንደምትጠይቁት ማለት ነው። ለጀማሪ ካሜራ 100,000 ገደማ የተለመደ ግምት ነው፤ 5ዲ ማርክ 2 ለ150,000 ነው የተሠራው። ያን ያህል ሲሞላ የግድ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋው መውረድ አለበት። ለስንት ዓመት ሰርግ ሲዞር የኖረ ቦዲ ብዙ ተመትቷል። ልጁ ሻጩን "ሻተሩ ስንት ነው?" ብሎ ጻፈለት። መልሱ "ንጹሕ ነው ወንድሜ" የሚል ነበር። ይሄ ቁጥር ነው እንዴ?

6ኛ፦ ቀብድ በቴሌግራም አትላኩ። በእጃችሁ ሳትይዙ፣ የራሳችሁን ካርድ ከታችሁ 20 ፎቶ ሳታነሱ፣ ብልጭታውንና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳትሞክሩ አንድ ብር አትክፈሉ። "እስከ ዓርብ" የሚል ሻጭ ካሜራ አይደለም የሚሸጠው፣ ድንጋጤ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው "ዲኤስኤልአር ሞቷል፣ አሁን ዘመኑ የሚረርለስ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ትልልቆቹ አምራቾች አዲሱን ነገር ሁሉ ወደዚያ አዙረዋል። ግን ያ ለእኛ መርዶ ሳይሆን ብሥራት ነው! ባለሀብቱ ወደ አዲሱ ሲሄድ አሮጌውን ይሸጣል፣ ዋጋው እኛ ጋ ይደርሳል። ደግሞ ነገ እናንተም ብታድጉ ቦዲውን ትቀይራላችሁ እንጂ ጥሩ ሌንስ አትጥሉም። የካነን ኢኤፍ ሌንስ ማሰሪያ ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው፤ በአዳፕተር አዲሶቹ የካነን ሚረርለሶች ላይም ፎከሱ ሳይጠፋ ይሠራል። የኒከን ኤኤፍ-ኤስም እንዲሁ። ገንዘባችሁን ሌንስ ላይ አድርጉ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሁለተኛው "ስልክ እያለ ምን ካሜራ አስፈለገ?" ይላል። ለራሱ ለሚያነሳ ሰው እውነት ነው። እንዲያውም በስልካችሁ 500 ፎቶ አንስታችሁ የማታውቁ ከሆነ ካሜራ አትግዙ። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማየት፣ ሰውን ከመስኮት ጎን ማቆም፣ ከኋላው ያለውን ጄሪካን ማንሳት በስልክም ይለመዳል። ሥራ ላድርገው ለሚል ግን የድንኳን ማታና የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ አለ፣ ለቀኑ ሙሉ የሚቆይ ባትሪ አለ፣ ጣሪያ ላይ የሚተኮስ ፍላሽ አለ። እዚያ ላይ ካሜራው ያሸንፋል።

ሦስተኛው ክርክር ግን የልጁ የራሱ ነው፤ እሱ አስጨንቆኛል። "ቲቸር፣ ሰው እኮ ካሜራውን አይቶ ነው የሚከፍለው። በትንሽ ካሜራ ሰርግ ሄጄ 'ይሄ ነው ፎቶግራፈሩ?' ብለው ይስቁብኛል" አለኝ። ውሸት ነው ልለው አልቻልኩም። ድንኳን ደጃፍ ላይ በሌንስህ ርዝመት የሚለካህ ሽማግሌ አለ። አየሁት'ኮ፣ እኔንም ለክቶኛል። ግን እማማ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት በዚያ ረጅም ሌንስ ነው። ቀን የተከበርኩበት ሌንስ ማታ አዋረደኝ። ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ "አንደኛውን ዓመት ሰርግ ብቻህን አትቀበል" የሚል ነው። ልምድ ያለው ሰው ፈልጎ ረዳት ይሁን፣ መብራት ይያዝ፣ በ50 ሚሜዋ ከጎን ያንሳ። በራሱ ስም ደግሞ ልደት፣ የሕፃናት ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ ልብስና ጫማ ለሚሸጡ ሱቆች የዕቃ ፎቶ ይሥራ። እዚያ ካሜራህን የሚለካ የለም፤ ሥራህን ነው የሚያዩት። ለአንድ ቀን ትልቅ ካሜራ የግድ ካስፈለገው ይከራይ። የመጀመሪያ ካሜራ በአንድ የሥራ ወቅት የራሱን ዋጋ መመለስ የሚችል መሆን አለበት ባይ ነኝ። ያንን ካልቻለ ሥራ ሳይሆን ጌጥ ነው።

ደግሞ የትኛውም ካሜራ፣ የፈለገ ውድ ይሁን፣ የማይሠራላችሁ ነገር አለ። ጥምቀት ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ስታነሱ ካሜራው "ብርሃን በዝቷል" ብሎ ይሳሳትና ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የሰዉ ፊት ይጠቁራል። ሰዉ "ካሜራው ጥሩ አይደለም" ይላል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ወደ ፕላስ 1 መሄድ ነው፤ ያውም እንደየብርሃኑ። 600ዲም፣ 5ዲም እኩል ነው የሚሳሳቱት። ይሄን የሚያውቅ ልጅ በ600ዲ፣ ይሄን ከማያውቅ ባለ 5ዲ የተሻለ የጥምቀት ፎቶ ያነሳል። በዓለም ትልቅ ስም ካላቸው ፎቶ አንሺዎች አንዱ፣ ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን፣ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በትንሽ ካሜራና በአንዲት 50 ሚሜ ሌንስ ነው። እኛ ደግሞ ገና ሳንጀምር አራት ሌንስ ያምረናል።

ረቡዕ ማታ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ። የራሴን አሮጌ ካሜራ ይዤ ነበር። እዚያው በአንዲቷ አምፖል እሳቸው ጀበናውን ሲያወርዱ በኪት ሌንሱ 55 ላይ ስቤ አንዴ፣ በ50 ሚሜዋ አንዴ ልጁ እንዲያነሳቸው አደረግኩ። ሁለቱን ፎቶ በስክሪኑ አሳየናቸው። የመጀመሪያው ላይ እጃቸው ደብዝዟል። ሁለተኛው ላይ ከሲኒው የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል። እናቱ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "መምህር፣ ይሄ ሁለተኛው በርካሹ ነው የተነሳው እያሉኝ ነው?" አሉ። "አዎ እናቴ" አልኳቸው። "እንግዲያ የልጄ ገንዘብ ተርፎ ጥቂት ሊመለስላት ይችላል" አሉ። ልጁ መሬት መሬት አየ። የዚያን ማታ ሦስታችንም የምናስበው እዚያ ቤሩት የሰው ቤት ወለል የምትወለውለውን ልጅ ነበር።

ዓርብ ቀብዱን አላስያዘም። ትልቁ ካሜራ አሁንም ልቡ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም፣ በ20 ዓመቴ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በመጪው ቅዳሜ አብረን አዲስ አበባ ወርደን ያገለገለ ቦዲ ልናይ ተቀጣጥረናል። የስልክ መብራትና ካርድ ይዘን ነው የምንሄደው።

ሲያበቃ አንድ ልመና አለኝ። እኔ ዓመት በዓመት ሌንስን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ ነው የማስተምረው። ቤታችሁ ውስጥ፣ ወይም ውጭ ሀገር ያላችሁ ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ፣ ቻርጀሩ የጠፋ፣ "አሮጌ ነው" ብላችሁ የተዋችሁት ዲኤስኤልአር ወይም ሌንስ ካለ በኢንቦክስ አሳውቁኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ፈተናው ላልቀናቸው ልጆች በነፃ ማስተማር ልጀምር አስቤያለሁ። የሚገዙት ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ የቤተሰባቸውን ላብ የሚያስረክቡ ልጆች ቢያንስ ከሰፈራችን ይቀንሱ።

ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ የተሳሳትኩት ካለ ኮመንት ላይ አርሙኝ፤ አልቀየምም። የመጀመሪያ ካሜራችሁ ምን ነበር? በምን ተቆጫችሁበት? ጻፉልን፣ ለጀማሪው ይጠቅማል።

መልካም ምሽት!